ከ1977 ላይ 1959 ሲቀነስ

ግንቦት 14 ቀን 1977 ዓ.ም.
እሪ በከንቱ፣ አዲስ አበባ

ለቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
ለተከበሩ ጓድ ገነነ
በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ በተሰቀለው የማስታወቂያ ሰሌዳ በኩል

ጉዳዩ፦ በእኔ ስሕተት የተወሰደ ተማሪ ከፈተና በፊት እንዲመለስ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላ ቤተሰብዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ በሠራተኞች ቀን ሰልፍ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመው ያመመዎት ጉልበትም ተሽሎት ለሚቀጥለው ሰልፍ እንዲደርስልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔርን በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ማመስገን የማይፈቀድ ከሆነ ደግሞ የሚመለከተው ክፍል ይመስገን።

ማን እንደሆንሁ እርስዎ ያውቃሉ። ነገር ግን ይህን ሰሌዳ የስኳር ወረፋ ይዞ የሚያነበው ሰው ሁሉ አያውቀኝምና፣ ዓለምጸሃይ ኪዳነማርያም እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ የምኖረው እሪ በከንቱ ቁልቁለቱ ላይ፣ በቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። የጓዳዬን በር በአሮጌ የባትሪ ድንጋይ ጥላሸት አጥቁሬ ጥቁር ሰሌዳ አድርጌዋለሁ፤ በዚያ በር ላይ ከመስከረም ጀምሮ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥራ አራት የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ወይም እስከ ሰኞ ድረስ አሥራ አራት ነበሩ ማለት ይሻለኛል።

ጉዳዬ አጭር ነው። ተክላይ ገብረዮሐንስ የሚባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ከሰኞ ጀምሮ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ከምልምሎች ጋር ተይዟል፤ አርብ ጧት የጭነት መኪናዎቹ መጥተው ይወስዷቸዋል፤ በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ የማትሪክ ፈተና ይጀመራል። የብሔራዊ ውትድርና አዋጁ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላውን ይላል፤ ተክላይ አሥራ ስምንት አልሞላውም። ሞልቶታል ብላ የጻፈችው እኔ ነኝ።

ይህንን ለመንገር ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልሁ፣ በሁለተኛው ቀን ከዚያው ስብሰባ ገና አልተነሡም ተባልሁ። ስለዚህ ስብሰባ የማይቀመጠውን ይህን ሰሌዳ ለማነጋገር ተገድጃለሁ። መቼም ባዶ እጅን ይዞ ሰው ቤት መሄድ ነውር ነውና፣ ዓመቱን ሙሉ ያደረጉልኝን ሁሉ እየቆጠርሁ በቅደም ተከተል ላመስግንዎት።

፩. መስከረም ላይ ቁልቁለቱን በእግርዎ ወርደው ልጅዎን ደምመላሽን ቤቴ ድረስ ስላመጡልኝ አመሰግናለሁ። ያን ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አገራችን መሐንዲስ እንጂ ወሬኛ እንደማያስፈልጋት፣ ሒሳብ የማያውቅ ትውልድም አዲሲቱን ኢትዮጵያ ሊገነባ እንደማይችል የነገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ልጅዎን ከተክላይ ጎን አስቀመጥሁት። አንድ መጽሐፍ ለሁለት እያነበቡ፣ አንዱ ያልገባውን ሌላው እያስረዳው፣ ወንበር ሲጠፋም በአንድ ሣጥን ላይ ተጠጋግተው እየተቀመጡ ዓመቱን ገፍተውታል። ደምመላሽ መልሱን ሳያረጋግጥ ደብተሩን የሚያጥፍ ችኩል ልጅ ነው፤ ልቡ ግን ቀና ነው፤ ይህንንም ከእናቱ መውረሱን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል።

፪. ኅዳር ላይ ይህንኑ ክፍል ስለዘጉልኝ አመሰግናለሁ። ወጣቶች በአንድ ቤት ውስጥ በር ዘግተው ሲቀመጡ ቀበሌው ሳያውቀው የሚደረግ ስብሰባ ይባላል ብለው በጽሑፍ አሳወቁኝ፤ የምዘጋው የጓዳውን በር ነው፣ ሰሌዳዬ እሱ ስለሆነ ነው ብዬ ባስረዳም፣ ይህ ማስረጃ ጥርጣሬውን እንደሚያጠናክረው ተገለጸልኝ። ወላጆች አልፎ አልፎ የሚያመጡልኝ ከሰልና ሽንኩርትም፣ የተክላይ እናት ከምትሠራበት ኬክ ቤት በጋዜጣ ጠቅልላ የምትልክልኝ የኬክ ቁርጥራጭም ሳይቀር በንዑስ ከበርቴነት አስጠርጥሮኛል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ቸርነትዎ አሸንፎ፣ ትምህርቱ እንደማንኛውም ስብሰባ አጀንዳ እንዲኖረው፣ ቃለ ጉባኤ እንዲያዝለት፣ የአቋም መግለጫ እንዲወጣበትና የአብዮት ጥበቃ ጓድ እንዲገኝበት ተደርጎ ተፈቀደልኝ።

እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ሁሉን ፈጸምሁ። በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ውስጥ ዛሬም እንደሚገኘው፣ ታኅሣሥ 6 ቀን በተደረገው ስብሰባ በአጀንዳ አንድ የኳድራቲክ እኩልታ ቀርቦ ከሰፊ ውይይት በኋላ ሁለት መልስ እንዳለው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። የአቋም መግለጫ የለውም ተብሎ ቃለ ጉባኤው ሲመለስልኝ ደግሞ፣ ከፍ ብሎ የተለቀቀ ዕቃ ሁሉ ወደ መሬት እንደሚወድቅ ተሰብሳቢው ያለ አንዳች ልዩነት ተቀብሎ መነሣቱን ጨምሬ አስገብቻለሁ። ጸሐፊዎ ማኅተም አድርጎበታል።

፫. ጓድ ቡሽራን ስለመደቡልኝ አመሰግናለሁ። ቡሽራን ፒያሳ ሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት ካልሲና ምላጭ ሲሸጥ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ሒሳብ የሚሠራው በጣቱ ሆኖ የማይሳሳት ሰው ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠብመንጃውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ተማሪዎቹ ያን ቀን ምን እንደተማሩ አላስታውስም፣ ምክንያቱም አንዳቸውም ወደ ሰሌዳው አልተመለከቱም። በሦስተኛው ቅዳሜ ጠብመንጃውን ጥግ አስደግፎ እጁን አነሣና ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ እንደሚሆን ጠየቀኝ። በአምስተኛው የራሱን ደብተር ይዞ መጣ። ጥር ላይ ተክላይ ክፍልፋይ ሲያስረዳው፣ እሱም ተክላይን በሳቅ ጋሼ መምህር እያለ ሲጠራው ሰምቼ፣ ለካ ቁጥጥር ሲበዛ ወደ ትምህርት ይለወጣል ብዬ ተደስቼ ነበር። ደስታዬ እንዳልበረከተ ከዚህ በታች ይመለከቱታል።

፬. አሁን ወደ ራሴ እመጣለሁና እባክዎ ይታገሡኝ፤ ይህ ምስጋና ከሌሎቹ ይልቅ ይከብደኛል። ፈቃዱ የተሰጠኝ የተማሪዎቹን ስም፣ አድራሻና ዕድሜ የያዘ ዝርዝር እንዳቀርብ ተብሎ ነበር። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ፣ ክፍሌ ሳይከፈት አንድ ቀን እንዳያልፍ ተጣድፌ፣ ልጆቹን የተወለዱበትን ዓመት ብቻ ጠየቅኋቸው፤ ወሩን አልጠየቅሁም። ከዚያም ከ1977 ላይ እየቀነስሁ አሥራ አራቱንም በአንድ ቁጭታ ጻፍሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ የቀነሳችሁትን መልሳችሁ ደምሩ፣ መልሳችሁን ሳታረጋግጡ እጃችሁን አታንሡ እያልሁ ልጆች ያሠቃየሁ መምህርት፣ የራሴን መልስ አንድ ጊዜ እንኳ መልሼ አላየሁትም።

ከ1977 ላይ 1959 ሲቀነስ አሥራ ስምንት ነው። ይህንን ማንም ያውቃል። ነገር ግን ተክላይ የተወለደው የ1959 ዓ.ም. ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጳጉሜን 3 ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት ነው። የሰፈር ልጆች በዝናብ ሊጠመቁ ራቁታቸውን በሚሯሯጡበት ቀን የተወለደ ልጅ በታኅሣሥ 1977 አሥራ ሰባት ዓመት ከሦስት ወር ነበረው፤ ዛሬም አሥራ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ነው። ያ ዝርዝር ዕድሜን ቀንሶ በማግኘት ፈንታ ዕድሜን እንደሚቀንስ አላወቅሁም ነበር። ዝርዝሩን በእጄ፣ በጥሩ ቀለም፣ ስርዝ ድልዝ ሳይኖርበት አዘጋጅቼ በሁለት እጄ ለጸሐፊዎ አስረከብሁ፤ እሱም የእጅ ጽሑፌን አድንቆ ፋይል ውስጥ አኖረው።

፭. ፋይሉን ስላልረሱት አመሰግናለሁ። በዚህ በእኔ ደብዳቤ አጠገብ የተለጠፈውን የምልምሎች ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ እንደሚያየው፣ ባለፈው አርብ ሲለጠፍ ስሞቹ ሠላሳ ዘጠኝ ነበሩ፤ የቀበሌያችን ኮታ ግን አርባ መሆኑ ከላይ ተጽፏል። አርባኛው ስም የተጨመረው ትናንት ነው። ጽሑፉ እጅግ ያምራል፤ ፊደሉ የተስተካከለ፣ መስመሩ የቀና ነው፤ አርባኛው ስም ላይ ሲደርስ ብቻ መስመሩ ትንሽ ወደ ታች ያዘነብላል።

ስሙ በሰሌዳው ላይ ከመውጣቱ በፊት ልጁ ተወስዷል። ፈተናው አንድ ሳምንት ስለቀረው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተጨማሪ ክፍል ይዤ ነበር፤ ተክላይ ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ስንት ሰከንድ አየር ላይ እንደሚቆይ እየሠራ ነበር። ጓድ ቡሽራ ገባ፤ ደብተሩን አልያዘም። ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ፣ ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ፣ አሁኑኑ ትመለሳለህ አለው። ለአንድ ጥያቄ መፈለግ ማለት ምን እንደሆነ በዚህ ሰፈር የማያውቅ ስለሌለ አሥራ ሦስቱም ልጆች እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ተክላይ ጠመኔውን ከበሩ ሥር በጥንቃቄ አኑሮ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ መጣሁ መምህር ብሎኝ ወጣ።

ጊዜው እኩል ይሆናል ብሎ ጽፎ መልሱን ሳይሞላው ነው የሄደው። አላጠፋሁትም። ጓዳ በገባሁና በወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ፤ እንጀራም ሆነ ውኃ ለመውሰድ ያንን በር ከፍቼ መዝጋት አለብኝና፣ በቀን ሃያ ጊዜ ያህል ነው የማየው።

፮. ወይዘሮ አክበረትን ስለተቀበሉልኝ አመሰግናለሁ። የተክላይ እናት ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ፒያሳ ኬክ ቤት የማኪያቶ ብርጭቆ እያጠበች ይህን አንድ ልጅ አሳድጋለች፤ ልጁ ማትሪክ አልፎ አራት ኪሎ ሳይንስ እንዲገባ፣ እሷም ከሥራ ስትመለስ በዩኒቨርሲቲው በር በኩል አልፋ ልጄ እዚህ ነው የሚማረው እንድትል ነበር ሐሳቧ። ትናንት ጧት ከጊዮርጊስ ያወጣችውን የክርስትና ወረቀት ይዛ እርስዎ ዘንድ ገባች። ለእሷ ስብሰባው ተነሥቶላታል፤ ለዚህም ሁለታችንም ባለውለታዎ ነን።

በወረቀቱ ላይ ልጁ ጥቅምት 6 ቀን 1960 ዓ.ም. ክርስትና ተነሣ ይላል። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና እንደሚነሣ የማያውቅ በአራዳ ተወልዶ ያደገ ሰው አለ ብዬ አላምንም፤ አርባ ቀን ወደ ኋላ ቢቆጥሩ ቀጥታ ጳጉሜን 3 ላይ ይወድቃሉ። እርስዎ ግን የቄስ ወረቀት ማስረጃ እንደማይሆን ገልጸው፣ ከመሳቢያዎ የእኔን ዝርዝር አውጥተው አሳዩአት። ከዚያም፣ እንደነገረችኝ፣ መምህርት ዓለምጸሃይ በሒሳብ ተሳስታ አታውቅም፤ አሥራ ስምንት ካለች አሥራ ስምንት ነው አሉአት።

ጓድ ሊቀ መንበር፣ በሥራ ዘመኔ ብዙ ምስጋና ተቀብያለሁ፤ ጡረታ ስወጣ የግድግዳ ሰዓት ተሰጥቶኛል፤ እንደዚህ ያለ አድናቆት ግን ከማንም አልተቀበልሁም። ለዚህ ጉዳይ ባይሆን ኖሮ ይህንን ቃልዎን ፍሬም አሠርቼ ግድግዳዬ ላይ እሰቅለው ነበር።

አክበረት ከእርስዎ ዘንድ ወጥታ ወደ እኔ መጣች። ቁጡ ሴት ናት፤ ልትጮህብኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ብትጮህብኝም በተሻለኝ። በሬ ላይ ቆማ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ የጻፉት ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አዎ አልሁ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ለፈተናው ሁለት እርሳስ ገዝታ እንዳስቀመጠችለት፣ አዳራሹ ውስጥ ቢሰጡት ይወስዱበት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በርጩማው ላይ ተቀመጥሁ፤ እርስዎ መስከረም ላይ በተቀመጡበት ላይ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለዚህ ቀበሌ በእጄ አንድም ፊደል እንዳልጽፍ ለራሴ ማልሁ።

፯. በመጨረሻም በዚያ ዝርዝር ላይ አሥራ ስምንትና ከዚያ በላይ ተብለው የተጻፉት ሁለት ልጆች እንደነበሩ ስላስታወሱ፣ አንዱን ብቻ ስለመረጡም አመሰግናለሁ። ኮታው የጎደለው አንድ ነበርና ምርጫው ትክክል ነው። ለምን ይኼኛው ተመርጦ ያኛው እንደቀረ መጠየቅ የእኔ ድርሻ አይደለም። የሁለተኛውን ልጅ ስም በሰሌዳ ላይ አልጠራም።

ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከዚህ በላይ ካመሰገንሁ ስኳር የሚጠብቀው ሕዝብ ይሰለቻል። ጥያቄዬን በቀላሉ ላስቀምጥ። ያቀረብሁት ዝርዝር ስሕተት ነው። ስሕተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ልጁም፣ እናቱም፣ ጓድ ቡሽራም፣ ጸሐፊዎም አይደሉም። ስሌቱን እንደሚከተለው አርሜዋለሁና ለመላው የቀበሌው ነዋሪ ማረጋገጫ ይሆን ዘንድ እነሆ፦ ከዛሬ ግንቦት 14 ጀምሮ እስከ ግንቦት መጨረሻ አሥራ ስድስት ቀን፣ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዘጠና ቀን፣ ጳጉሜን ሦስት ቀን፤ በድምሩ መቶ ዘጠኝ ቀን። ተክላይ ገብረዮሐንስ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላው መቶ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል። መልሼ ደምሬዋለሁ። ሦስት ጊዜ።

ይህ ልጅ መቶ ዘጠኙን ቀን ስጡኝ ብሎ ማንንም አልለመነም፤ የራሱ ናቸው። እኔ ግን እለምናለሁ። ሰኞ ጧት ፈተና ቤት ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከአዋጁ ጋር ራሱ ይነጋገራል፤ ወንድ ልጅ ነው፣ ፈሪም አይደለም። አርብ ጧት ያ መኪና ከተነሣ ግን ሥልጠናው ከየት ወደየት እንደሚወስደው፣ ከዚያስ ወደ ሰሜን ይሁን ወደ ምሥራቅ፣ እርስዎም እኔም አናውቅም፤ ከየመንደሩ ሄደው ያልተመለሱትንም አንቆጥርም፤ መቁጠር ከተፈለገ ግን እኔ መቁጠር እችላለሁ። ይህንን ዓረፍተ ነገር ሳስበው ከምስጋና ወሰን እንዳለፈ ይሰማኛል፤ ቢሆንም አልሰርዘውም። ስርዝ ድልዝ የሌለበት ጽሑፍ ምን እንዳስከተለ አይቻለሁ።

የተሳሳተ ሰነድ ለመንግሥት አካል ያቀረበ ሰው የሚቀጣ ከሆነ፣ ቅጣቱ የእኔ ነው። ጋቢዬን፣ የመነጽሬን ቤትና የደም ግፊት መድኃኒቴን በዘንቢል አዘጋጅቼ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ለአንድ ጥያቄ ብፈለግ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ማለት ዛሬ፣ እንደ ሁልጊዜው ክፍሌ ውስጥ ነኝ፤ አጀንዳው ተለጥፏል፣ ቃለ ጉባኤም ይያዛል።

ለትምህርት ያለዎትን ፍቅር፣ ለቁጥር ያለዎትን አክብሮት፣ ለእኔም ለአሮጊቷ የሰጡኝን ያልተገባኝን እምነት እያሰብሁ፣ ጉልበትዎም እየተሻለው እንዲሄድ ደግሜ እየተመኘሁ፣ የጓዳ በሬ ላይ ያለው ጥያቄ መልሱን እየጠበቀ መሆኑን በትሕትና እያሳሰብሁ እሰናበታለሁ።

የማኅበሩ አባል፣ የቀበሌው ቤት ተከራይ፣ እስከ ታኅሣሥ ድረስ በሒሳብ ተሳስታ የማታውቀው

ዓለምጸሃይ ኪዳነማርያም

ሳልረሳው፦ ለዚህ ቀበሌ በእጄ ፊደል እንዳልጽፍ መማሌን ከላይ ገልጫለሁ፤ መሐላዬንም አላፈረስሁም። እኔ ቃሉን ብቻ ተናገርሁ፤ ከላይ እስከ ታች የጻፈው ሌላ ነው። የእጅ ጽሑፉን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የት እንዳዩት ሲያስቡ ከነበረ፣ በአጠገቡ ከተለጠፈው የምልምሎች ማስታወቂያ ጋር ያስተያዩት። ጽሕፈት ቤትዎ እጁ ያምራል እያለ ማስታወቂያዎቹን ሁሉ የሚያስጽፈው ልጅዎ ደምመላሽ ትናንት፣ የአጠገቡን ልጅ ስም በአርባኛው መስመር ላይ ከጻፈ በኋላ፣ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ሰሌዳው ላይ ያለውን የተክላይን ጥያቄ ቆሞ ሲያየው ቆይቶ፣ እስክሪብቶውን አወጣና ደብተሩ ላይ ከ1977 ላይ 1958 ቀነሰ። የተወለደው መስከረም ላይ ነውና ወር የሚያጎድልበት የለም። ከዚያ፣ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መልሱን መልሶ ደምሮ አረጋገጠ። አሥራ ዘጠኝ ነው። ተው ብዬው፣ ለምኜው፣ ተቆጥቼውም ነበር፤ እኔ የምፈልገው ሁለቱም ሰኞ በአንድ ፈተና ቤት እንዲቀመጡ ነው እንጂ አንዱን ልጅ በሌላው እንድለውጥ አይደለም። አልሰማኝም። አርብ ጧት ብርድ ልብሱን ይዞ በአዳራሹ በር ላይ እንደሚቆም እንዳሳውቅዎት አዝዞኛል፤ እባክዎ አይቆጡት። በሩ ላይ ሁለት ልጆች ይቆማሉ፣ የጎደለው አንድ ነው፤ ቅነሳውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ፤ እንደ እኔ ግን አይቸኩሉ።